የጎረቤት ጠረጴዛ

ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የቀኑን ብርሃን የሚያሳልፈው ከቤተ ሰቡ ጋር አይደለም። ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ገብቶ ማታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስኪወጣ ድረስ፣ የምሳው ጊዜ ሲቀነስ ስምንት ሰዓት ሙሉ ዐይኑ የሚያርፈው በሥራ ጓደኞቹ ፊት ላይ ነው። የጓደኛውን ፊርማ ከብዙ ፊርማዎች መካከል ይለየዋል፤ ሳሉን ከግድግዳ ማዶ ሰምቶ ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሻዩን በስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጠጣ ሳይጠየቅ ይናገራል። ነገር ግን ያው ጓደኛው ትናንት ሌሊት በምን ሐሳብ ሳይተኛ እንዳደረ ቢጠየቅ የሚመልሰው አይኖረውም። በሰፈራችን፣ እኛ በወሎ ቅሬ በምንለው የመረዳጃ ማኅበር ውስጥ ያለ ጎረቤት ቢታመም ወሬው ሳይመሽ ለሁላችን ይደርሳል። በመሥሪያ ቤት ግን ሁለት ሰዎች ጠረጴዛቸውን አጋጥመው ዐሥር ዓመት ሲቀመጡ የአንዱ ኀዘን ለሌላው ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው ቆይቻለሁ። እኔ ትምህርቴን በሁለተኛ ደረጃ የፈጸምሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በፍልስፍና ልተነትነው አልችልም፤ ለአንባቢ የማቀርበው በሥራ ላይ ሳለሁ ያየሁትን ብቻ ነው።

የምኖረው በደሴ፣ የምሠራው በኮምቦልቻ ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ጧት ካፖርት ለብሶ ከደሴ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ይገባል። በሁለቱ መካከል የሐረጎ ቁልቁለት አለ። በክረምት ወራት ጉሙ በሐረጎ ላይ ሲተኛ ሹፌር ከፊቱ የሚሄደውን የጭነት መኪና የሚያየው ሊነካው ሲቃረብ ነው፤ መንገደኛውም በልቡ እየጸለየ፣ አንዱ በስመ አብ ሌላው ቢስሚላሂ እያለ፣ በዝግታ ይወርዳል።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ኀላፊ ነበሩን። ቤታቸው በኮምቦልቻ ከመሥሪያ ቤቱ በእግር ዐሥር ደቂቃ የማይሞላ ነበር። የሰዓት ፊርማ መዝገቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከጠረጴዛው ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው እርሳቸው ፊት ቀርቦ ምክንያቱን ማስረዳት ነበረበት። እኛ ከደሴ የምንመላለሰው አምስት ሠራተኞች ስለ ጉም ስንናገር ፈገግ ይሉና «ጉሙ ሁልጊዜ እናንተን ብቻ ነው የሚያገኘው?» ይሉን ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ፀሐይ በወጣችበት ከተማ ተቀምጦ ጉምን ማመን ለማንም ቢሆን ቀላል አይደለም።

አንድ የሐምሌ ጧት ግን ለስብሰባ በማለዳ ወደ ደሴ ወጡ፤ አድረውም በማግሥቱ ከእኛ ጋር በአንድ ሚኒባስ ተመለሱ። በሐረጎ አጋማሽ ላይ አንድ ተሳቢ መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ነበርና ሁለት ሰዓት ያህል በጉሙ ውስጥ ተቀመጥን። ኀላፊያችን በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር፤ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት አንዲት ቃል አልተናገሩም። በሳምንቱ መጀመሪያ አንድ አጭር ማስታወቂያ በግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ይኸውም በሐምሌና በነሐሴ ከደሴ የሚመጡ ሠራተኞች እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እንዲፈርሙ፣ ያን ግማሽ ሰዓትም ከምሳ ጊዜያቸው ቀንሰው እንዲያሟሉ የሚያዝ ነበር። መንግሥት ከጊዜው አንዲት ደቂቃ አልጎደለበትም። እኛም ከዚያ ወዲያ ሹፌሩን «ፍጠን» እያልን በሰው ነፍስ ላይ መፍረድ ተውን።

ይህን ነገር ሳስብ ቋንቋችን ስለዚሁ ጉዳይ የሚጠቀምበት አነጋገር ያስደንቀኛል። ለሌላው ስናዝን «አንጀቴን በላው» እንላለን፤ «ሆዴ ባባ» እንላለን። መልካም አነጋገር ነው፤ ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚያስተውለው የሚናገረው ስለ እኔ አንጀትና ስለ እኔ ሆድ እንጂ ስለዚያ ስለ ተጨነቀው ሰው አይደለም። ለአንድ ሰው አንጀቴ ተበልቶ ስለ እርሱ ግን ምንም ሳላውቅ ልቀር እችላለሁ። ፈረንጆችም ይህን ልዩነት የሚገልጽ ቃል ያጡበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ቲችነር «ኢምፓቲ» የሚለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ያስገባው «አይንፊውሉንግ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ወስዶ ነው። የጀርመንኛው ትርጉም ወደ ውስጥ ገብቶ መሰማት እንደ ማለት ነው። የሚገርመው ግን ጀርመኖቹ በመጀመሪያ ቃሉን የተጠቀሙበት ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሥዕልና ስለ ሕንፃ ነበር፤ ተመልካቹ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ራሱን ከውስጡ ሲያገኘው የሚሰማውን ለመግለጽ ነው። ሰው የድንጋይ ዐምድ እንዴት እንደሚሰማው ለማሰብ ጊዜ ካገኘ፣ በአጠገቡ ስላለው የሒሳብ ሠራተኛ ለማሰብ ጊዜ አጣሁ ማለቱ አያምርበትም።

ይህንኑ ለማስተማር አልፎ አልፎ ሥልጠና ይሰጠናል። በሆቴል አዳራሽ ተሰብስበን፣ በትልቅ ወረቀት ላይ ክብና ቀስት ተስሎልን፣ ሻይና ብስኩት ቀርቦልን እንውላለን። ሥልጠናውን አልንቅም፤ ከሥልጠናው በኋላ ግን ሁላችንም የምናስታውሰው አበሉ ስንት እንደ ነበረ ነው። ነገሩን በእውነት የተማርነው በሌላ መንገድ፣ ማንም በማይመኘው መንገድ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ይካሄድ የነበረው ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰ። ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ በኋላ፣ ኅዳር 27 ቀን የመንግሥት ጦር መልሶ እንደ ያዛቸው ተነገረ። በእነዚያ ሳምንታት መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ ነበር። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ተዘረፈ። ከሠራተኞቻችን ከግማሽ የሚበልጠው ልጆቹን ይዞ ወደ ደቡብ ተሰደደ፤ እኔም ከእነዚሁ ጋር ነበርሁ። የቀረው እዚያው ቀረ።

ወደ ሥራ ስንመለስ በሩ ተሰብሮ፣ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ተወስደው፣ መዝገቡ በወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘነው። ከዕቃው መጥፋት ይልቅ የከበደው ግን በሰዎቹ መካከል የወደቀው ዝምታ ነበር። ማንም ጮክ ብሎ ባይናገረውም መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ የሄዱና የቀሩ ተብሎ። የሄደው በልቡ «ይህ ሰው ያን ጊዜ እንዴት አብሯቸው ኖረ?» ይላል። የቀረውም በልቡ «ይህ ሰው ጥሎን ሄዶ አሁን ደግሞ ሊመረምረን መጣ» ይላል። ሰላምታው እንደ ድሮው ነበር፤ እንደምን አደርህ፣ እግዜር ይመስገን፤ አልሐምዱሊላሂ። ምሳ ግን ለየብቻ ይበላ ጀመር።

በዚህ መካከል የጠፋውን ንብረት የሚያጣራ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተመደብሁ። መጀመሪያ የተጠሩት የበር ጠባቂያችን ነበሩ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ «አያ» ብለን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሲሸሽ ቁልፉን ለእርሳቸው ጥሎ መሄዱ ታውቋል፤ የርክክብ ወረቀት ግን አልተፈረመም። ሊቀ መንበሩ በደንቡ መሠረት ጠየቁ፤ ቁልፉ መቼ ተቀበሉ፣ በሩ ሲከፈት የት ነበሩ፣ ለምንስ ለቅርብ ኀላፊዎ አላሳወቁም? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ የሚያሳዝን ነበር፤ በዚያ ወቅት የሚያሳውቁት ኀላፊ አልነበረም፤ ስልኩም አይሠራም ነበር። ሽማግሌው «አዎን» እና «አላውቅም» ከማለት በስተቀር ቃል አልወጣቸውም። እንዲህ ያለ መልስ በቃለ ጉባኤ ላይ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ጽፎ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጥፋተኛ መልስ ይመስላል።

ከኮሚቴው አባሎች አንዷ የሒሳብ ክፍል ወይዘሮ ነበሩ። እርሳቸውም ከሄዱት ወገን ናቸው። እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡና፣ «አያ፣ የቁልፉን ነገር እንደርስበታለን። እነዚያ ሳምንታት ሲያልፉ ግን እርስዎ ቤት ማን ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው ቆይተው መለሱ። «እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።»

ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። መድኃኒቱ በቤት አለቀ፤ በከተማውም አልነበረም። በኅዳር መጀመሪያ ዐረፉ። የሰፈሩ ሰው ተሰድዶ ስለ ነበረ ለቀብር የወጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። አንባቢ የወሎን አገር የሚያውቅ እንደ ሆነ ሰባት ሰው የሚለው ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል፤ በእኛ ዘንድ እስላሙ ሲሞት ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ሲሞት እስላሙ መቃብር ይቆፍራል፤ የማያውቀው መንገደኛ እንኳ አስከሬን ሲያልፍ ጥቂት ሳይሸኝ አይሄድም። ወይዘሮዋ «ለምን ሳይነግሩን?» ሲሏቸው «ሁላችሁም የራሳችሁን ጭንቅ ተሸክማችሁ ነው የመጣችሁ፤ በምን አፌ ልጨምርባችሁ» አሉ።

ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ዘግተው ስብሰባውን ለሌላ ቀን አዛወሩት። በማግሥቱ ማታ የሄደውም የቀረውም በአንድነት ዳቦና ቡና ይዞ ለቅሶ ደረሰ። በዚያ በምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ ዱዓ ከተደረገ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም የየራሱን ማውራት ጀመረ። ልጁን በጀርባው አዝሎ ሌሊቱን በእግሩ ሲጓዝ ያደረውም ተናገረ፤ አልጋ ላይ ያለች እናቱን ትቶ መሄድ አቅቶት የቀረውም ተናገረ። የቀረው ሰው ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ልጆቹን በየት በኩል አወጣሃቸው?» ሲለኝ፣ ከተመለስን ጀምሮ ከቀሩት ወገን የሰማሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር።

ኮሚቴው በሦስተኛው ቀን እንደ ገና ተቀመጠ። አሁን እውነተኛው የምርመራ ሥራ ተጀመረ፤ ይህን ነገር ከሁሉ አብልጬ ልናገረው የምፈልገው ነው። ሽማግሌው በሩ የተሰበረበትን ቀን፣ ምን ዕቃ በመጀመሪያ እንደ ተጫነ፣ የጦር መሣሪያ ተደግኖባቸው ቁልፉን እንዴት እንደ ሰጡ በዝርዝር አስረዱ። ከዚህም በላይ፣ ታጣቂዎቹ ትተውት ከሄዱት ዕቃ ጥቂቱን በኋላ የአካባቢው ሰው እንደ ወሰደው ተናገሩ፤ ይህን ማንም በፍርሃት የተያዘ ሰው ለኮሚቴ አይናገረውም። ከቃላቸው የተነሣ አራት ወንበሮችና አንድ ቁም ሣጥን ተመለሱ። የርክክብ ወረቀት ሳይፈረም ቁልፍ መያዝ ደንብ መጣስ ስለ ሆነ ለእርሳቸውም ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛም የጽሑፍ ማሳሰቢያ ተሰጠ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ደንቡ አልተነካም። የወይዘሮዋ ጥያቄ የምሕረት ጥያቄ አልነበረም፤ ያለ እርሱ ግን የያዝነው ቃለ ጉባኤ ውሸት ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋ አንድ ልማድ ጀመሩ። በየሳምንቱ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ በጓሮ በኩል ቡና ይፈላል፤ ተራው የደረሰው ሠራተኛ ቡናውንና ቁርሱን ያመጣል፤ አቦል ሲቀዳ የመሥሪያ ቤት ወሬ አይወራም። አንዱ ስለ ልጁ ፈተና፣ ሌላው ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። በዚህ ቡና ምክንያት መሥሪያ ቤታችን ገነት ሆነ ለማለት አልደፍርም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ነገር ቅር ይለኝ ነበር፤ እኛ በጓሮ እርስ በርሳችን ስንተዛዘን በፊት ለፊቱ በር ከቃሉ ገጠር በእግሩ የመጣ ገበሬ ቆሞ ይጠብቃል። የሥራ ጓደኛሞች መዋደድ ካልተጠነቀቁለት በባለጉዳይ ላይ መዶለት ይሆናል። «እሷ ዛሬ ከፍቷታል፣ ነገ ተመለስ» የተባለ ባለጉዳይ የከፈለው የእኛን የርኅራኄ ዋጋ ነው፤ የመመለሻውንም የትራንስፖርት ገንዘብ ማንም አይሰጠውም። ይህ ነገር በቡናው ላይ ተነሥቶ ብዙ ካከራከረ በኋላ መስኮቱ በተራ እንዲያዝ ተወሰነ፤ በመስኮቱ ያለው ሰው ቡናው እዚያው ይደርሰዋል። ከተከራከሩት መካከል አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አኩርፈዋል።

ሌላም ችግር አለ። ችግሩን መናገር የሚያውቅበት ሰው አለ፤ መናገር የማይችልም አለ። አንድ የሥራ ጓደኛችን በየሳምንቱ አዲስ ጭንቅ ይዞ ይመጣል፤ እርሱ ሲያወራ ሥራው ወደ ጎረቤቱ ጠረጴዛ ይሻገራል። ጎረቤቱ ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ የእርሱን ጭንቅ ማንም አያውቅም። ስለዚህ የሰውን ልብ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከሚናገረው ይልቅ የማይናገረውን መጠየቅ ይገባዋል እላለሁ። የሚናገረውንም ቢሆን ማዳመጥ ማለት የተናገረውን ሁሉ ማመን አይደለም። የወሎ አበጋሮች ጠብ ሲያስታርቁ የሁለቱንም ወገን ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማሉ፤ ከሰሙ በኋላ ግን ካሣውን ይወስናሉ እንጂ «ሁላችሁም ልክ ናችሁ» ብለው አይበትኑም።

በደሴ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ አለ። ግብር የሚገባበት፣ ስሙም እንደሚናገረው ማንም የማይጠየፍበት ቤት ነበር። ይህ ስም የወሎን ሰው ያኮራዋል፤ እኔንም ያኮራኛል። ሆኖም በዓመት ጥቂት ቀን በትልቅ ግብር ላይ አለመጠያየፍና በየቀኑ በጠባብ ክፍል ውስጥ አለመጠያየፍ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው በጣም ይከብዳል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ከአዳራሹ ያላነሰ የራሱ ጥበብ አለው። በመሥሪያ ቤታችን በፋሲካና በገና ሰሞን አስቸኳይ ሥራ ሲኖር እስላሞቹ ጓደኞቻችን ይገባሉ፤ በኢድ አልፈጥርና በአረፋ እኛ እንገባለን። በረመዳን ወር ከባድ የሆነው የቆጠራና የማውጣት ሥራ በጧቱ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ጾመኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራውን ይሠራል። ይህን የሚያዝ መመሪያ በፋይሎቻችን ውስጥ የለም። መመሪያ ይውጣለት ቢባል እኔ እቃወማለሁ፤ የተጻፈ ዕለት ሰዎች እስከ የት ድረስ እንደሚገደዱ መቁጠር ይጀምራሉና።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ አንድ አዲስ ወጣት ሠራተኛ ከሌላ ክፍለ አገር ተመድቦ መጥቶ በአጠገቤ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጧል። ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ መዝገብ አያያዙ ከእኔ የተሻለ ነው። ምሳውን ለብቻው ይበላል፤ ለዓርብ ቡና ሲጠራም «ሥራ ይዣለሁ» ብሎ በመስኮቱ ይቆያል። አንዳንዶቹ ኩራት ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹም አነጋገራችንን ባይለምደው ነው ይላሉ። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ በስልክ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደኅና ነኝ፣ ሁሉ ደኅና ነው» ይል ነበር። ፊቱ ግን እንደዚያ አይልም። የፊታችን ዓርብ የቡናው ተራ የእኔ ነው፤ ሲኒውን እኔው ራሴ ወደ መስኮቱ እወስድለታለሁ።